ምንም የማያስወጣ ደግነት

«በቀን አንድ ሰው ደስ አሰኚ፣ በቃ! ደስታ ማለት ይኸው ነው። ደግሞ ምንም አያስወጣሽም።»

ይህን የሰማሁት ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጓደኛዋን ስትመክር ነው። ምክሩ ለእኔ አልነበረም። ግን ስለ ደስታ ካነበብኳቸው ወፋፍራም መጻሕፍት አንዱም እንዲህ አጭር ስላልነበር ወሰድኩት። በተለይ «ምንም አያስወጣሽም» የምትለዋ ተመችታኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ጉርድ ሾላ የቦሌ ታክሲ ሰልፍ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዘራ የያዙ አዛውንት መጡና የሰልፉን ርዝመት አይተው ተከዙ።

«አባባ፣ እዚህ ከፊቴ ይግቡ!»

ገቡ። ምርቃታቸው ታክሲው እስኪመጣ አላለቀም... «ልጄ፣ የሄድክበት ይቅናህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ እንደኔ ለሽምግልና ያብቃህ...» አሜን ስል ቆየሁ። የዚያን ቀን ስብሰባ ላይ እንኳን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በነጋታው አንዲት ነፍሰ ጡር አስገባሁ። ከዚያ ልጅ ያዘለች እናት። በሁለተኛው ሳምንት አዛውንቱ የሰልፉን መጨረሻ መፈለግ ትተው ቀጥታ ወደ እኔ መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን ጓደኛቸውንም ይዘው መጡ።

ተራ አስከባሪው አላስቻለውም። «አለቃ፣ ሰልፍ ነው የያዝከው ወይስ የጡረተኞች ማህበር ከፈትክ?»

ሳቅኩለት። ደግ ሰው ሲቀለድበት ይስቃል።

ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ የምትቆም አንዲት ሴት ነበረች። ተራ አስከባሪው «ዘይነባ» ሲላት ሰምቻለሁ። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ እያለከለከች ትደርሳለች፣ ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ዝም ብላ ትቆማለች። የሠራሁትን በጎ ሥራ ሁሉ በቅርብ ርቀት የተከታተለችው እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ቀን የሆነ ነገር ትለኛለች ብዬ እጠብቅ ነበር... ጥሩ ነገር።

ባለፈው ሐሙስ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። በቃ፣ ቀኑ ደረሰ አልኩ።

«ወንድሜ... ዛሬ ብቻ ማንንም ባታስገባ?»

«ምነው እህቴ?»

«ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ አጸዳለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሻራ እንሰጣለን። በዚህ ወር ሁለቴ አርፍጃለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ከደብዳቤ በኋላ አንድ ቀን ካረፈድኩ ደግሞ ማሰናበት ነው።»

«ሁለቴ?»

«ሁለቴም ታክሲው አንተ ላይ ሞላ።»

ሰልፉ ለካ ከኋላዬም ይቀጥላል።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም ነበር። «በአላህ፣ ዛሬ ብቻ» አለችኝ ደግማ።

«እመኚኝ እህቴ፣ ዛሬ ማንም አይገባም።»

ይህን ብዬ አምስት ደቂቃ አልቆየሁም።

«ልጄ! እንዴት አደርክ?»

አዛውንቱ ናቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ሰልፈኛው ዞሮ አየኝ። «አባባ፣ ዛሬ እንኳን አይሆንም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በልቤ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩት፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስመረቅበት የኖርኩት ሰልፍ ላይ ክፉ ሰው ሆኜ መታየት... እግሬ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከፊቴ ክፍተት ተፈጠረ። ገቡበት።

በሕግ ካየነው እኔ አላስገባኋቸውም። ሸሸት ነው ያልኩት።

ዞሬ አላየሁም። ከኋላዬ ግን አንድ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

ታክሲው መጣ። ተራ አስከባሪው ከፊት እየቆጠረ አስገባ። አዛውንቱ ገቡ። እኔ ገባሁ። «ሞልቷል!» ብሎ ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። በመስኮት ዘይነባን አየኋት። ስልኳን አወጣች፣ ሰዓቱን አየች፣ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወደ እኔ አልተመለከተችም።

ወርጄ ቦታዬን ልሰጣት እችል እንደነበር ትዝ ያለኝ መገናኛ ስንደርስ ነው።

ጭንቅ ሲለኝ ወደ አዛውንቱ ዞርኩ። ቢያንስ እሳቸው የሚቸኩሉበት ጉዳይ ይኖራል... ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ፣ የሆነ ነገር።

«አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ወዴት ነው?»

«የትም አይደል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነልኝም። ቦሌ ወርጄ፣ አንድ ጥግ ይዤ የሚነሳ የሚያርፈውን አውሮፕላን አያለሁ። አንተ ባትኖር እኮ ይህን ሰልፍ አልችለውም ነበር። ዕድሜህ ይርዘም!»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ዓርብ ዘይነባ የለችም። ሰኞም የለችም። ተራ አስከባሪውን ጠየቅኩት።

«ደብዳቤዋን ተቀበለች። አሁን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምትሰለፈው።»

«አስራ ሁለት? ልጇስ?»

«እንደተኛች ትታት ትወጣለች። ጎረቤቷ ናት ቀስቅሳ የምታደርስላት።» ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ካንተ ኋላ ላለመቆም እኮ ነው፣ አለቃ።»

«እባክህ... ይቅርታ ብሏል በልልኝ።»

«ራስህ በላት። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ና፣ ታገኛታለህ።»

ይኸው ሳምንት ሊሆነኝ ነው፣ አልሄድኩም። በዚያ ሰዓት መነሳት አልለመደብኝም፤ የምሠራበት ቢሮ መግቢያ ሰዓት የለውም፣ አራት ሰዓት ላይ ብገባም የሚጠይቀኝ የለም።