የሰመጠችው ጀልባ በር

ነፍሱን ይማረውና ጋሼ፣ አጎቴ፣ የትም ሲገባ «ቤቶች!» ሳይል አይገባም ነበር። ውጭ አገር፣ ፌርፋክስ ያለው አፓርትማው ውስጥ ብቻውን እየኖረ እንኳ፣ በሩን ከፍቶ «ቤቶች!» ይላል። እኔ እስቅበት ነበር።

ዳይቪንግ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘት፣ ስጀምር፣ በድሮ ጦርነት ዘመን መርከብ ስትጎትት የሰመጠች ጀልባ ውስጥ እንደምገባ ነገርኩት። እሱም በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ እንዲህ ዓይነት መርከብ ጎታች ጀልባ ላይ ሠርቷል። ቀና ብሎ አየኝና፣

«አንኳኩተሽ ነው የምትገቢው?» አለኝ።

«ጋሼ ደግሞ! ዓሣ ብቻ እኮ ነው ያለው።»

«ታዲያ ዓሣ የቤት ባለቤት አይደለም?»

ከዚያ ወዲህ ከባሕር በተመለስኩ ቁጥር «አንኳኳሽ?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ። አንድም ቀን አንኳኩቼ አላውቅም።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ጀልባዋ ወረድኩ። የዛገውን በር በጣቴ ሦስት ጊዜ መታሁት። አንድ ትልቅ ዓሣ ከውስጥ ቀስ ብሎ ወጣና መንገድ ለቀቀልኝ። ማስኬ ውስጥ ሳቅም እንባም መጣብኝ።

ከባሕር በቀጥታ፣ የባሕሩ ጨው ፀጉሬ ላይ እንዳለ፣ የጋሼን ዕቃ ልሰበስብ አፓርትማው ሄድኩ። በሩን ከፈትኩና ደፉ ላይ ቆምኩ።

«ቤቶች!» አልኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ አንኳኳሁ። የዛሬው እውነቴን ነው።»