አራት ዙር ከሲሶ

ልጄ ጋራዥ ተቀጠረች ብዬ ሳወራ ሰው ሁሉ ለጽሕፈት ሥራ እየመሰለው «እሰይ!» ይለኝ ነበር። እኔም አላርምም። መኪና ሥር ተኝታ እንደምትውል፣ ማታ ማታ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን ግራሶ በጋዝና በሳሙና ፈግፍጌ እንደማስለቅቅ ለጎረቤት አልተናገርኩም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቤታችን ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጋራዡ ደግሞ ከገበያው በታች፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደጨረሰች ባለጋራዡ ለሦስት ወር ሙከራ ወሰዳት። እሱ ደግ ሰው ነው። ግቢው ውስጥ የሚያዘው ግን ዋናው መካኒክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ሲፈታ የኖረ ነው፤ ሴት ልጅ መፍቻ ይዛ ማየት አልለመደም። «ጓዲት» ይላታል። ያኔ ሁሉም ሰው ጓድ ነው፤ እሱ ግን ቃሉን እየጎተተ፣ የሚስቅለት ሰው በዓይኑ እየፈለገ ነበር የሚጠራት።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ስለ መኪና የማውቀው ሰው እንደሚገጭ ብቻ ነበር። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ምሳዋን ቋጥሬ ጋራዥ እወርዳለሁ። ጠዋት ይዛው መሄድ ትችል ነበር። ነገር ግን እጇም፣ እግሯም፣ ዓይኗም በቦታው መኖሩን ሳላይ ቀኑ አያልቅልኝም።

የሰጧት ቱታ የወንድ ነው። እጅጌው ከጣቶቿ ያልፋል፤ አራት ጊዜ ጠቅልላው ትሠራለች፣ ጥቅሉም እየተፈታ ያስቸግራታል። «እማዬ፣ አሳጥሪልኝ» ብላ ስንት ጊዜ ለመነችኝ። ቤት ውስጥ የስፌት መኪና አለኝ፤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የምሰፋው እኔ ነኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ አሳለፍኩት። ጨርቁ አንዴ ከተቆረጠ ቱታው የእሷ ሆነ ማለት ነው። ሙከራው አልቆ «አልሆነም» ቢሏት ግን ቱታው ይመለሳል፣ እሷም ከጎኔ ተቀምጣ ትሰፋለች። በሆዴ የምጸልየው ይህን ነበር። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

ሙከራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንዲት ቀይ መኪና ተጎትታ ገባች። ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። በንጉሡ ጊዜ የዳገት ውድድር ትወጣ ነበር አሉ። ባለቤቷ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከረባት የማይለየው ሰው ነው፤ ቤቱ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ። መኪናዋ ከኋላዋ ስትጮህ ሰንብታ አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ጥርስ ሰብራ ቆመች።

ጥርሱ የዲፈረንሻሉ ነው። ዲፈረንሻል ምን እንደሆነ ልጄ ያን ዕለት ማታ ነገረችኝ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለ፣ ድስት የመሰለ ብረት ነው። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች አሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ትንሹን ሞተሩ ያዞረዋል፤ ትንሹ ብዙ ጊዜ ሲዞር ትልቁ ከጎማው ጋር አንዴ ይዞራል።

«ስንት ጊዜ ሲዞር?» አልኳት።

«እሱ ነዋ ጥያቄው! በየመኪናው ይለያያል። እማዬ፣ ከቦኖ ውሃ ተሸክመሽ ዳገቱን ስትወጪ እርምጃሽ እንዴት ነው?»

«አጭር አጭር ነዋ። ወገቤ ይቆረጥ እንዴ?»

«ሜዳ ላይ፣ ባዶ እጅሽንስ?»

«እዘረጋዋለሁ።»

«በቃ። ትንሹ ከአራት ጊዜ በላይ ዞሮ ጎማው አንዴ ከዞረ አጭር እርምጃ ነው። ዳገት ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነት አይጨምርም። አራት ካልሞላ እርምጃው ይረዝማል። ሜዳ ላይ ይበራል፣ ዳገት ላይ ያለከልካል።»

ከዚያ በኋላ ቦኖ በሄድኩ ቁጥር እርምጃዬን እቆጥር ጀመር።

ዋናው መካኒክ ለቀይዋ መኪና የሜዳውን ነበር የሚመርጠው። «ይቺ የሩጫ መኪና ናት፤ የጭነት ልናደርጋት ነው?» አለ። ልጄ ግን ወደ ባለቤቱ ዞር ብላ «ጋሼ፣ አሁን የሚነዷት የት የት ነው?» ስትል ጠየቀችው። ለካ እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀው ሰው የለም። ሰውየው ሳቀ።

«በዚህ የቤንዚን ኩፖን የት እሄዳለሁ ልጄ? ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። ዳገቴን እንደ ድሮዋ በሁለተኛ ማርሽ ከወጣችልኝ ሌላ አልፈልግም።»

አዲስ ዕቃ እንዳሁኑ በየሱቁ አይገኝም። ባለጋራዡ ከእንደዚያችው ዓይነት የተገጨ መኪና የወጣ ዲፈረንሻል ያለው ሰው አገኘ። ሰውየው ሁለት አለው፤ አንዱ የዳገት ነው፣ አንዱ የሜዳ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ቆርቆሮዎች ወልቀዋል። ባለጋራዡ ልጄን ይዟት ሄደ። በእጇ እያዞረች ቆጥራ አንዱን መረጠች። ሻጩ ታዲያ ቃል አስገባቸው፤ ካልሆነ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ይመለሳል፣ ክዳኑ ከተከፈተ ግን አይቀበልም።

በማግስቱ ምሳዋን ይዤ ስደርስ ግቢው ውስጥ ሥራ ቆሟል። ዲፈረንሻሉ ጎማዎቹ እንደተገጠሙለት ሁለት ግንዲላ ላይ ተጋድሟል፤ ጎማዎቹ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለዋል። ዋናው መካኒክ «ጓዲት የመረጠችው የሜዳ ነው፤ አሁን ታዩታላችሁ» እያለ የግራውን ጎማ ከግንዲላው ጋር በገመድ አሰረ።

አቆጣጠሩን ልጄ ቤት ውስጥ በድስት ክዳን አሳይታኝ ስለነበር ገባኝ። አንዱ ጎማ ታስሮ ሌላው ብቻ ሲዞር ውስጥ ያለው ትልቁ ብረት ግማሹን ብቻ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ነፃው ጎማ ሁለቴ ይዞራል፤ ሁለቴ ሲሞላ ትልቁ ብረት አንዴ ዞረ ማለት ነው። ያኔ ትንሹ ስንት ጊዜ እንደዞረ ከፊት በወጣው ጫፉ ላይ በጠመኔ በተደረገው ምልክት ይቆጠራል።

ልጄ ጠመኔው ጋ ተንበረከከች። ዋናው መካኒክ የቀኙን ጎማ ያዘ። እኔ በግራ በኩል አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ከታሰረው ጎማ አልተነቀለም፤ ያ ብረት ከግንዲላው ቢንሸራተት የሚወድቀው ልጄ ጉልበት ላይ ነው። ጎማውን ከማየቴ ብዛት የአየር መንፊያው ጥቁር ክዳን ወደ መሬት እንደምታይ ሳይቀር ልብ ብያለሁ።

«አንድ…» ትላለች። «ሁለት… ሦስት…» ነፃው ጎማ ሁለት ዙሩን ጨረሰ። ጠመኔው አራተኛውን ሳይሞላ ቆመ።

«ለአራት ሩብ ጉዳይ!» አለ ዋናው መካኒክ። «ጓዲት፣ ሰዓት ልትሠሪ ነበር የመጣሽው? የሜዳ ነው፣ አለቀ።»

«ትናንት ከአራት አልፎ ነበር» አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እንደገና እንቁጠር።»

«ሹራብ መሰለሽ? እየተረተርሽ እንደገና አትሠሪውም።»

ባለጋራዡ ሰዓቱን አየ። ደጅ ላይ ዕቃውን ለሻጩ የሚመልስ ፒካፕ ቆሟል። «የኔ ልጅ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን» አላት፣ ለቅሶ ቤት በሚወጣ ዓይነት ድምፅ። «መልሱት። ያንቺንም ነገር ቅዳሜ ሙከራው ሲያልቅ እንነጋገራለን።»

እኔ የጸለይኩት ነገር እዚያው ዓይኔ ሥር ደረሰ። ቅዳሜ ልጄ ወደ ቤት ትመለሳለች። የታሰረውን ጎማ ደግሜ አየሁት። ጥቁሯ ክዳን መሬቱን አታይም፤ ቀጥ ብላ ወደ እኔ ታያለች።

ዝም ማለት እችል ነበር። አንዲት ባልቴት ምሳ ይዛ መጥታ ምን አየች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጄ ብድግ ብላ ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ጥቅሉ ተፈታና እጇን ሸፈነው። አላለቀሰችም። ዲፈረንሻሉን ነበር የምታየው፤ «የት ላይ ነው የሳትኩት?» ብላ እንደምትጠይቀው ዓይነት። ሲሞግታት ከነበረው ሰው ጋር እልህ አልያዘችም፤ እውነቱን ብቻ ነው የፈለገችው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው ወልጄ ማሳደጌን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «የታሰረው ጎማ ዞሯል።»

«እትዬ» አለ ዋናው መካኒክ፣ «ምሳውን ይስጧትና ይሂዱ፤ ይሄ ከባድ ነገር ነው።»

«መንፊያው ወደ መሬት ነበር። አሁን እኔን ያያል።»

ማንም አልሳቀም። ልጄ ዞራ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «እማዬ፣ በየት በኩል ነው የዞረው? ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ?» በእጄ አሳየኋት። ከነፃው ጎማ ጋር ሳይሆን በተቃራኒው፣ ሩብ ዙር። ጠመኔዋን ይዛ መሬቱ ላይ ጻፈች፣ አባዛች፣ አካፈለች። «ሩብ ወደ ኋላ ከሄደ ትልቁ ብረት አንድ ዙር አልሞላም። አራት ከሲሶ ገደማ መሆን አለበት። ትናንት ያገኘሁትም እሱን ነው!»

ለዋናው መካኒክም የሚገባውን ልስጠው። ሄዶ ገመዱን ሳበው፤ ገመዱ ዘይት ነክቶት ላልቷል። «የኔ አስተሳሰር ነው» አለ፣ በግልጽ፣ ሁሉም እየሰማ። ገመዱን ወረወረና የግራውን ጎማ በሁለት እጁ አቅፎ ጉልበቱን ደገፈበት። «አዙሪው ልጄ» አላት። ጓዲት አላላትም። እኔን ደግሞ «እትዬ፣ መንፊያዋን ይጠብቁልኝ» አለኝ።

ጠበቅኩ። ክዳኗ ንቅንቅ አላለችም። «አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት…» ጠመኔው አራትን አልፎ ሲሶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

ባለጋራዡ ፒካፑን አሰናበተና የዲፈረንሻሉ ክዳን እንዲከፈት አዘዘ። አሁን መመለሻ የለም። ልጄና ዋናው መካኒክ ጎን ለጎን አጎንብሰው ጥርሶቹን በጠመኔ እየነኩ ቆጠሩ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ በልቤ ቆጠርኩ። ትልቁ አርባ ሦስት፣ ትንሹ አሥር። ሦስታችንም አንድ ላይ ነው የደረስንበት።

ዓርብ ቀይዋ መኪና ወጣች። ባለቤቷ «ነይ፣ የመረጥሽውን ስሚው» ብሎ ልጄን ከጎኑ አስቀመጠ። እኔ ሽሮ ሜዳ፣ ዳገቱ የሚጀምርበት ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መኪናዋ አጠገቤ ማርሽ ለወጠች፤ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፉ ውስጥ እስክትሰወር ድረስ ድምፅዋ አንድ ዓይነት ነበር። አላለከለከችም። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፤ ፍሬኑ ቢበጠስ፣ ከላይ አውቶቡስ ቢመጣ እያልኩ። ግን አጠገቤ ለቆመችው የማላውቃት ሴት «ያቺን ያስተካከለቻት ልጄ ናት» አልኳት። ሳልጠየቅ።

ቅዳሜ ጠዋት ቱታዋን አውልቃ እንድትሰጠኝ ነገርኳት። እጅጌውን ክንዷ ላይ ለካሁ፣ ምልክት አደረግኩ፣ ደግሜ ለካሁ።

«ዛሬ እኮ ነው የሚነግሩኝ» አለች። «ቆይ፣ እንስማ መጀመሪያ።»

«እነሱ የፈለጉትን ይበሉ» አልኩና መቀሱን አነሳሁ። ከሚዞር ነገር ጋር እንዳይያዝ ጫፉ ላይ ላስቲክ ጨመርኩበት።

«አንዴ ለክተሽው የለም እንዴ? ለምን ሁለቴ?»

«ገመዱ ላልቶ ቢሆንስ?» አልኳት።