የአማቴ በግና የላፕቶፔ ዋራንቲ

የመጀመሪያ ላፕቶፔን የገዛሁት የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ከመገናኛ እስከ ጉርድ ሾላ ያለው መንገድ ተቆፍሮ ሰው በጣውላ ላይ በሚሻገርበት ጊዜ ነው። ሲግናል ሰፈር ባለች ትንሽ ቢሮ ውስጥ ለሰንበት ትምህርት የሚሆኑ መጻሕፍት ወደ አማርኛ እተረጉም ነበር። የቢሮው ኮምፒውተር የጋራ ስለሆነ ተራ መጠበቅ ሰለቸኝና ባለቤቴን ለምኜ፣ አሳምኜ፣ ጉርድ ሾላ ካለ አንድ ሱቅ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ ሲያስረክበኝ የአንድ ዓመት ዋራንቲ አለው ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ሳላነበው አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እንጀራዬ ማንበብ ነው፤ ለማንበብ ካልተከፈለኝ ግን አላነብም ነበር።

ዋራንቲ ማለት ለእኔ ምንም ነገር ቢደርስ ሱቁ ይተካልኛል ማለት ነበር። ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳሁ። ሌላው ሰው ላፕቶፑን በወፍራም ቦርሳ ሸፋፍኖ ሲይዝ እኔ እንደ ጋዜጣ ብብቴ ሥር ሸጉጬው ታክሲ እጋፋ ነበር። ባለቤቴ ከወጥ ሳህኑ አጠገብ ከፍቼው ስታይ ትንሽ እንድጠነቀቅለት ትነግረኛለች፤ እኔም ዋራንቲ እንዳለው በትዕግሥት እነግራታለሁ። ቃሉን ስጠራ ስለቱ የሰመረለት ሰው እመስል እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ላፕቶፑ ከተገዛ ጀምሮ አንድ ጠባይ ነበረው። ትንሽ ከሠራሁበት በኋላ ሆዱ እንደ ካውያ ይግልና ድርግም ይላል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ምን ሆኖ ነው ብትለኝ፣ ዘመናዊ ዕቃ መብራት ለመቆጠብ ራሱን ያሳርፋል አልኳት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አንድ ጊዜ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን እኔም አመንኩት፤ እንዲያውም የቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ሳያርፍ ሲውል አይቼ ኋላ ቀርነቱ አሳዘነኝ።

የባለቤቴ አባት የሚኖሩት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ሆነው ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ካሳለፉ በኋላ ጡረታ ወጥተው ድንች ይተክላሉ፣ በግ ያረባሉ። ልጃቸው ጴንጤ ማግባቷ ደስ አላሰኛቸውም፤ ክፉ ቃል ግን ተናግረውኝ አያውቁም። ስንገናኝ “እንዴት ነህ?” ይሉኛል፤ እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ” እላለሁ። ጨዋታችን እዚያ ላይ ያልቃል።

አንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃቸው ከፈረንሳይ ሰፈር ሽቅብ ስንወጣ ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ለሰኞ የሚደርስ ሥራ ነበረኝ። እውነቱን ለመናገር ግን አማቴ ሥራ እንዳለኝ በዓይናቸው እንዲያዩም ፈልጌ ነበር። ገመዱን በመስኮት አስገብቼ ሰካሁ፤ ላፕቶፑን በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ አድርጌ መተየብ ጀመርኩ። እንዳሰብኩትም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ገና ሁለት መስመር ሳልጽፍ ድርግም አለ።

“ጠፋብህ?” አሉኝ።

“አይ አባባ፣ እያረፈ ነው።”

የመብራት ቁጠባውን ነገር በሰፊው አብራራሁላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና ሰሙኝ። ላፕቶፑ ተነሣ፤ ትንሽ ቆይቶም ደግሞ አረፈ። በዚህ መሃል የባለቤቴ እናት ለምሳ ጠሩንና ሁላችንም ገባን። ላፕቶፑን እዚያው ተውኩት። ዋራንቲ ያለው ዕቃ ምን ይሆናል?

ምሳችንን ሳንጨርስ ከውጭ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ስንወጣ አንዱ በግ በረንዳው ላይ ወጥቶ ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞበታል፤ በርጩማው ተገልብጧል፤ ላፕቶፑ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል፤ በጉም ደንግጦ ገመዱን ለማላቀቅ ሲፈራገጥ በላዩ ላይ ይመላለስበታል። ስክሪኑ ከቀኝ ማዕዘኑ ተነሥቶ እስከ መሃሉ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ፈገግ አልኩ። ዋራንቲ አለው፣ አትደንግጡ አልኳቸው። የዚያን ቀን ፈገግታዬን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታስመስላለች።

አማቴ በጉ የእሳቸው በመሆኑ አፍረው ነበር። ዋራንቲ የሚለውን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ወረቀቱ የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ ቤት ነው አልኩ። ምን እንደሚል ጠየቁኝ፤ ይተካሉ ይላል አልኩ። አንብቤው እንደሆነ ጠየቁኝ። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ከበጉ እግር መፍታት ጀመርኩ።

“ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ” አሉ። “በጉ የእኔ ነው።”

ሰኞ ጠዋት መገናኛ ስንገናኝ ፍርድ ቤት ይለብሱት የነበረውን ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው ነበር። ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። መንገዱ እያንገጫገጫቸው እስከ መጨረሻው አነበቡትና የሚመለከተው የፋብሪካ ጉድለትን ብቻ እንደሆነ፣ መውደቅና መሰበር እንደማይገባበት ነገሩኝ። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በጉን ባናነሣውስ አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

“እኔ ቆሜ?” አሉ።

ሱቁ ውስጥ የተቀበለችን ባለሙያ ነጭ ጋወን የለበሰች ወጣት ናት። ከመጠየቋ በፊት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። ላፕቶፕ የሚሠራው ለሰው ቤት ነው፤ በአገራችን ሰው ቤት ደግሞ በግ አለ፤ ስለዚህ አንድ በግ የማይችል ላፕቶፕ ሲሠራም ጉድለት አለበት አልኩ። ልጅቷ እያዳመጠችኝ ላፕቶፑን ከፈተችው። ቁልፎቹ ላይ ጭቃ ደርቋል። ማጽዳት ረስቼ ነበር።

“ይሄ ኮቴ ነው?” አለች።

አማቴ ቀደሙኝ። በጉ የእሳቸው መሆኑን፣ ገመዱ እንዴት እንደጠለፈው፣ ላፕቶፑም በምን በኩል እንደወደቀ አንድም ሳያስቀሩ እንደ ምስክር ቃል ሰጡ። ልጅቷም በአክብሮት አስረዳቻቸው፤ ፋብሪካው የሚጠየቀው ሲሠራው ለተበላሸው ብቻ ነው፤ ከሱቅ ከወጣ በኋላ ለሚደርስ አደጋ ሌላ ዓይነት ዋራንቲ አለ፤ እሱን ግን አልገዛንም። አማቴ ትክክል ነሽ አሏት። ጠበቃ ይዤ መጣሁ ብዬ ነበር፤ ጠበቃዬ ለተከሳሽ ፈረደ። ላፕቶፔን አንሥቼ ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

“አንድ ነገር ይመዝገብልኝ” አሉ። “በጉ ከመምጣቱ በፊት ይህ ዕቃ ደጋግሞ በራሱ ጠፍቷል። እሱ ግን እያረፈ ነው ነው ያለኝ።”

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። “እያረፈ?”

ጣሪያውን አየሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብትለኝ፣ ከገዛሁት ጀምሮ አልኩ። ለምን ቶሎ አላመጡትም ብትለኝ የመብራት ቁጠባውን፣ ቢሮ ውስጥ ማስተማሬን ሳይቀር፣ መናገር ግድ ሆነብኝ። እሷ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው፤ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ግን አልቻለም።

ብሎኖቹን ፈታ ውስጡን ስታይ ማቀዝቀዣው ማራገቢያ አይዞርም። የሱቁ ኃላፊ መጣና ይሄም ሲወድቅ የተበላሸ ነው አለ። ይህን ጊዜ አማቴ ኮታቸውን አስተካከሉ። ስክሪኑን አንጠይቅም፣ እሱ የበጉ ነው አሉ። ማራገቢያው ግን ከአደጋው በፊት የማይሠራ ለመሆኑ ምስክር አለን፤ ይህ ሰው ላፕቶፑ እንደሚያርፍ ለቢሮው ሰው ሁሉ ሲያስተምር ነው የከረመው። እንድደውልም አዘዙኝ። ባልደረባዬ ጋ ደውዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ስለ ላፕቶፔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር ስላት አላስጨረሰችኝም።

“ምነው፣ ዛሬም እያረፈ ነው?” አለች።

ኃላፊው ሳይወድ ሳቀ። ልጅቷም በባትሪ እያበራች አሳየችው፤ የማራገቢያው ሽቦ አልተበጠሰም፣ ከመጀመሪያውም ቦታው ላይ አልተሰካም። ይሄ የእኛ ነው አለች። እንግዲህ ፋብሪካው ያጠፋውን እኔ እንደ ሙያ ስኮራበት ከርሜ፣ በጉ ያጠፋውን በፋብሪካው ላላክክ መጥቻለሁ። ጥፋቴ ግን ጠቀመኝ፤ ከጅልነቴ የተሻለ ማስረጃ አልነበረንም።

ሽቦውን ሰክተው፣ ለጥንቃቄም ማራገቢያውን በአዲስ ቀይረው በነጻ ሠሩልኝ። ስክሪኑን ማስቀየር አቅሜ አልፈቀደም፤ ለብዙ ጊዜ ጽሑፉን ወደ ግራ እየገፋሁ ሠራሁበት። የሚያርፍ ግን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ስለሚውል እኔም አብሬው መዋል ግድ ሆነብኝ።

ከሱቁ ስንወጣ አማቴን ወደ ታክሲ ልሸኛቸው ስል፣ ቤታችሁ ሩቅ ነው ወይ አሉኝ። ከተጋባን ጀምሮ ረግጠውት አያውቁም። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት አባቷን በክራቫት ቆመው አየቻቸውና መጀመሪያ የሞተ ሰው ያለ መስሏት ደነገጠች። እሳቸው ውሃ ጠይቀው ጠጡና ወንበር ስበው ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሲጨርሱ ላፕቶፑ እያረፈ ነው ያልኩበትን ቦታ እንደገና እንዲነግሯት ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ሲመሽ ሊሄዱ ሲነሡም፣ ሌላ ዕቃ ስትገዛ ከመክፈልህ በፊት ወረቀቱን አሳየኝ አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ፍሪጅ ስንገዛ ይዣቸው ሄድኩ። ሻጩ ወረቀቱን ሰጣቸው፤ ተቀምጠው አነበቡ፤ እያንዳንዱን አንቀጽ እያነሡ ጠየቁት። ከመደብሩ ስንወጣ ሌሎቹ ሱቆች መብራት አጥፍተው በር እየዘጉ ነበር። አማቴ ግን ገና አልጠገቡም፤ ታክሲ ውስጥ ስለ ፍሪጁ በር ላስቲክ የቀራቸውን ጥያቄ ይነግሩኝ ነበር።