የጂናዳሳ ሃያ ትናንሽ ካርታዎች

በጋንዳራ የዓሣ አጥማጆች ወደብ የመጫወቻ ካርታ ተዘርግቶ "ማን ያድል?" የሚል ክርክር ሲነሳ ሁሉም ዞር ብሎ የሚያየው ጂናዳሳን ነበር። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነው፤ ጣቶቹ ወፋፍራም፣ መዳፉ በመንጠቆ የተቦጫጨቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓሣ ጀልባ ላይ ወጥ ሲሠራ ከሥር ካርታ መዘዘ ወይም ለባልደረባው በዓይኑ ጠቀሰ ብሎ ያማው ሰው የለም። ሚስቱ ሊላዋቲ፣ "ይሄ ሰውዬ አረቄ ጠጥቶ አልጠጣሁም ይለኛል፤ ካርታ ላይ ግን እግዜር ፈርዶበት መዋሸት አይችልበትም" እያለች ጎረቤት ታስቅበት ነበር።

ጨዋታቸው ኦሚ ነው። አራት ሰው ይጫወተዋል፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ አንድ ወገን ናቸው። ከሁለት እስከ ስድስት ያሉት ሃያ ትናንሽ ካርታዎች ወጥተው ሠላሳ ሁለቱ ይበወዛሉ። መጀመሪያ ለያንዳንዱ አራት አራት ይታደላል፤ ከአዳዩ በስተቀኝ ያለው ሰው ያቺን አራት ብቻ አይቶ ልብ፣ ጦር፣ አበባ ወይም ዳይመንድ ብሎ ሌላውን ሁሉ የሚበልጠውን ገዢ ይጠራል። ቀሪዎቹ አራት ገና እጁ አልገቡም። ወንድ ልጅ የሚያልበው እዚያ ላይ ነው። ትናንሾቹ ካርታዎች ማን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ለመቁጠሪያ ካልሆነ በስተቀር ሥራ የላቸውም።

በዚያ ዓመት ጂናዳሳ የተሳፈረበት ጀልባ ላይ አራት ሆነው ነበር። ካፒቴኑ ዊልበርት ስልሳን ያለፈ፣ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ ነው። ሞተረኛው ፕሪያላል እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ምላጭ። መረቡንና ገመዱን የሚይዘው ሲሪፓላ ደግሞ ግዙፍና ዝምተኛ ነው፤ ሲያሽሟጥጡበት ፈገግ ከማለት ሌላ መልስ የለውም። በኦሚ የጂናዳሳ ባልደረባ እሱ ነበር።

በወጡ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የሞተሩ ዋና ዘንግ ተሰበረ። ፕሪያላል ሁለት ቀን ሙሉ ዘይት ውስጥ በሆዱ ተኝቶ ታገለ፤ አልሆነም። በሦስተኛው ቀን ማዕበል መጣና ሬዲዮውን ከነባትሪው ጠራርጎ ወሰደው፤ የትልቁ ታንክ ክዳን ተገንጥሎ የመጠጥ ውሃው ውስጥ ባሕር ገባበት። ማዕበሉ ሲበርድ የቀራቸው ንጹሕ ውሃ ጂናዳሳ መኝታ አጠገብ የታሰረች አንዲት ነጭ የፕላስቲክ በርሜል ነበረች። አርባ ሊትር ቢሆን ነው።

ዊልበርት በርሜሏን በጣቱ እያንኳኳ ከላይ እስከ ታች አያት።

"ጂናዳሳ፣ ይቺን አንተ ያዝ። ካርታ የሚያድል ሰው ውሃም ማደል አያቅተውም።"

ጂናዳሳ ያንለት ማታ አሰበበት። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱን ሰብስቦ ከትናንሾቹ ካርታዎች ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰጠ፤ ለራሱም ሁለት ያዘ።

"አንድ ካርታ አንድ ስኒ ነው፤ ለቀን ሁለት። ሲጠማችሁ ካርታውን አምጡና ስኒያችሁን ጠጡ። ካርታ ያልሰጠ ውሃ የለውም፤ እኔም ብሆን።"

"ሁለት ቁጥር ዋጋ የሚያወጣበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ያስብ ነበር!" አለ ፕሪያላል ካርታውን እየሳመ። ያን ጊዜ ገና ይስቁ ነበር።

ካፒቴኑ በበኩሉ ማታ ማታ ውሃው የደረሰበት ቦታ ላይ በሞተር ቅባት ጥቁር መስመር ያሰምራል። ከሰዓት በኋላ ሸራ ወጥረው ኦሚ ይጫወታሉ። "ሲሪፓላ፣ ያቺን ንግሥት ልታገባት ነው እንዴ አቅፈህ የያዝካት? ጣላት እንጂ!" ይላል ፕሪያላል። ሲሪፓላ ፈገግ ብሎ ንግሥቲቱን ይጥላል። አመሻሽ ላይ የውሃው ካርታ ሁሉ ተመልሶ ሲገባለት ጂናዳሳ ብቻውን ይቀመጥና ሙሉውን ሃምሳ ሁለት ካርታ በሰባት ረድፍ ይዘረጋል፤ በጥቁር ላይ ቀይ፣ በቀይ ላይ ጥቁር፣ ከንጉሥ ወደ ታች እየደረደረ። እግሩ ተሰብሮ ማታራ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ የተማረው የብቸኛ ሰው ጨዋታ ነው። ካርታው አልወጣ ሲለው ሰብስቦ እንደገና ይበውዛል።

እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። ለዓሣው የተጫነው በረዶ ቀልጦ አለቀ፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸተውን ውሃውን ሳይቀር ጠጡት። ደመና ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ራቅ ብሎ ባሕር ላይ ዘነበ። የሲሪፓላ እግር አብጦ መቆም ስላቃተው በርሜሏ ጎን ጥላው ላይ ያስተኙት ጀመር። ጨዋታው ላይ ቀልድ ቀረ። ዊልበርት አንድ ቀን ልብ ተጥሎ ሳለ በእጁ ልብ ይዞ ደንቡን በመጣስ ጦር ጣለ፤ ማንም አልተናገረውም፤ እሱም አላወቀም።

ውሃው መታደል በጀመረ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ጂናዳሳ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ነቃ። የሊላዋቲን ጉድጓድ ሲያልም ነበር። ገመዱ፣ ባልዲው፣ ከባልዲው የሚንጠባጠበው ውሃ ሁሉ ታይቶታል። ሌሎቹ ተኝተዋል። እጁ ክዳኑን ሲፈታ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። አንድ ስኒ ጠጣ። ሁለተኛውን ሲጨምር ጉሮሮው እንዳይጮህ እየተጠነቀቀ ነው። ከዚያ የካፒቴኑን መስመር በአውራ ጣቱ አብሶ፣ ዝቅ አድርጎ በቅባት ሌላ አሰመረ።

ቀኑን ሙሉ የማንንም ዓይን ማየት አልቻለም። ካርታ ሲያድል ግን እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ያ ይበልጥ አስፈራው።

አራት ቀን ታገሠ። በአምስተኛው ደገመ። ስኒውን ጠጥቶ ወደ መስመሩ ጣቱን ሲሰድድ ካፒቴኑ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ጂናዳሳ ደንግጦ ተኛ፤ መስመሩ እንደነበረ ቀረ።

ፀሐይ ስትወጣ የፕሪያላል ጩኸት ነው የቀሰቀሳቸው።

"ተነሡ! ተነሡና እዩ!" በመስመሩና በውሃው መካከል የአንድ ጣት ክፍተት አለ። "ሌባ አለ! ሌባ አለ ከመካከላችን!"

ዊልበርት ተንፏቆ መጣና አየ። 

ፕሪያላል ወደ ሲሪፓላ ዞረ። "በርሜሏ ሥር ሌት ተቀን የሚጋደመው ማነው? እግሬ አበጠ፣ እግሬ አመመኝ! እኛ እዚህ ምላሳችን እንጨት ሲሆን አንተ ትጋተዋለህ!"

"አልነካሁም" አለ ሲሪፓላ።

"ዓይኔን እያየህ በለው!"

"አልነካሁም፣ ፕሪያላል።"

ፕሪያላል ዓሣ የሚዘረግፉበትን ቢላ ከእንጨቱ ነቀለ። ከአንድ ወር በፊት ሲሪፓላ በአንድ እጁ አንሥቶ ባሕር ይከተው ነበር፤ አሁን ግን ክንዱን እንኳ በወጉ ማንሣት አቃተው። ቢላው አንገቱ ሥር መጣ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ስለቱ ቆዳውን ይነካል፣ ይርቃል፣ ይነካል።

"ቢላውን አስቀምጥ" አለ ዊልበርት። ድምፁ ሹክሹክታ ነበር። ፕሪያላል አልሰማውም፤ ቢሰማውም አይታዘዘውም።

ጂናዳሳ ተነሥቶ ቆሟል። ዝም ቢል ማንም አይጠረጥረውም። ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሲሪፓላ ደግሞ ምስክር ፍለጋ ዓይኑን ወደሱ አዙሯል፤ የሚያየው በኦሚ ገዢ ሲጠራ እንደሚያየው ነው።

"እኔ ነኝ" አለ ጂናዳሳ።

አንድ እርምጃ ተጠጋ።

"ፕሪያላል፣ ልቀቀው። ውሃውን የጠጣሁት እኔ ነኝ።"

ፕሪያላል ቢላውን ሳያነሣ ሳቀ፤ የደረቀ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ። "ተው እንጂ ጂናዳሳ አይያ! ታላቅ ወንድም ነህ ብዬ ባከብርህ እንደ ሕፃን ታታልለኛለህ? ባልደረባህን ልታድን ነው። አንተ ካርታ እንኳ አጮልቀህ አታይም!"

"እኔ ነኝ እልሃለሁ!"

"ሲሪፓላ ራሱ ጠጣሁ ይበልና ልልቀቀው!"

ጂናዳሳ ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመው ስሙ እንዲህ ይጠልፈኛል ብሎ አላሰበም። በጉልበቱ እየዳኸ በርሜሏ ዘንድ ደረሰና በመዳፉ መታት።

"ዊልበርት አይያ፣ ና እየው። ከመስመሩ በላይ፣ እዚህ። ይሄ የታበሰ ቅባት አይታይህም? ባለፈው አንተ ያሰመርከውን አብሼ ዝቅ አድርጌ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ስኒ ያን ጊዜ፣ አንድ ስኒ ዛሬ። ዛሬ ስትስል ፈርቼ መስመሩን ተውኩት።"

ሽማግሌው ፊቱን አስጠግቶ ፕላስቲኩን አየ። ጥቁር ጭጋግ የመሰለ እድፍ ነበር፤ መሃሉ ላይ የሰፊ አውራ ጣት አሻራ። የጂናዳሳን እጅ ይዞ ጣቱን እላዩ ላይ አሳረፈው። ከዚያ እጁን ለቀቀ።

"ልክ ነው" አለ። "ፕሪያላል፣ ልቀቀው።"

ቢላው ወደቀ። ፕሪያላል ወደ ጀልባዋ ጫፍ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

ፍርዱን ካፒቴኑ በጥቂት ቃል ጨረሰው። በርሜሏን ሲሪፓላ ይይዛል። ጂናዳሳ የሰረቀው ሦስት ስኒ ነው፤ የዛሬው ሁለት፣ የነገው አንድ ይቀርበታል። ጂናዳሳ የዕለቱን ሁለት ካርታ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ፀሐይዋ ወደ ላይ ወጣች። እኩለ ቀን ላይ ጆሮው መጮህ፣ ዓይኑ መጨለም ጀመረ፤ ሸራው ሥር ተጋድሞ የራሱን ትንፋሽ ይቆጥራል። ይገባኛል፣ ይገባኛል ይላል በልቡ። ከዚህ ሌላ የሚያስበው ነገር ጠፋው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ደረቱ ላይ አረፈ። የአበባ አራት ነው። ሲሪፓላ ያን ያበጠ እግሩን እየጎተተ ከበርሜሏ ድረስ መጥቶ ስኒ ይዞ አጠገቡ ተቀምጧል።

"ያንተ ነው" አለ ጂናዳሳ። 

"የእኔ ስለሆነ ነዋ የምሰጥህ። ጠጣ።"

"አልጠጣም፣ ማሊ፣ ታናሽ ወንድሜ። አንተን እኮ ላሳርድህ ነበር።"

"አላሳረድከኝም። ወንድምህን ደግሞ አታድክመው፣ እጄ እየዛለ ነው፤ ይደፋል።"

ጂናዳሳ ጠጣ። እያለቀሰ ሊጠጣ ፈልጎ ነበር፤ እንባ ግን አልመጣለትም፤ የሚወጣ ውሃ አልነበረውም።

በሃያ አራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በስተ ደቡብ ጥቁር ነገር ታየ። መርከብ ነው። ዊልበርት ሸሚዙን አውልቆ አውለበለበ፤ መርከቧ አቅጣጫዋን ሳትለውጥ ትሄዳለች። "ጎማ! ጎማውን!" ብሎ ጮኸ ፕሪያላል። ወደብ ላይ ጀልባዋ እንዳትጋጭ በጎኗ የተንጠለጠሉትን አሮጌ ጎማዎች ጂናዳሳና እሱ ቆርጠው ወጥ ማብሰያው ሣጥን ላይ ከመሩ። ናፍጣ አፈሰሱበት። የመጀመሪያው ክብሪት ጠፋ። ሁለተኛው ተሰበረ። ጂናዳሳ የፕሪያላልን እጅ በሁለት መዳፉ ያዘለትና ሦስተኛውን አብረው ጫሩት። ጭሱ እንደ ቁራ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

መርከቧ መሄዷን ቀጠለች። ጀርባዋን አዩት። ሲሪፓላ ዓይኑን ጨፈነ። ጎማው ሊያልቅ ሲል ዊልበርት፣ "ጎኗን አየሁ... ጎኗን እያሳየች ነው..." አለ። መርከቧ በዝግታ፣ እጅግ በዝግታ ዞረች።

መርከቧ አንሥታ ወደ አገራቸው ስትመልሳቸው የጋንዳራ ሰው ወደቡን ሞልቶ ጠበቃቸው፤ መነኮሳት ጸለዩላቸው፤ የሲሪፓላም እግር ከሁለት ወር በኋላ ዳነ። ጂናዳሳ የሠራውን ለሊላዋቲ በዚያው ሳምንት ነገራት። የምትለቅመውን ሩዝ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። "በሌላ ሰው አፍ ከምሰማው ካንተ መስማቴ ደግ ነው" ብላ ሩዟን አነሣች። ለወደቡ ሰውም ራሱ ነገረ። ከዚያ ወዲህ አድልልን የሚለው ቀንሷል፤ እሱም አይከፋውም። በረንዳው ላይ ብቻውን ሰባቱን ረድፍ ይዘረጋል።

ያልተጠበቀው ሌላ ነው። ሲሪፓላ ከጂናዳሳ ጋር እንደ ድሮው ባሕር ይወጣል፤ ፕሪያላልን ሲያይ ግን መንገድ ይለውጣል። አንድ ቀን ጂናዳሳ መረብ ሲጠግኑ ጠየቀው።

"የሰረቅኩት እኔ፣ የተኮረፈው እሱ። ይሄ ምን ፍርድ ነው?"

ሲሪፓላ ቋጠሮውን በጥርሱ አጠበቀ። "አንተ ጠማህና ጠጣህ። እኔም ክዳኑን ስንት ጊዜ በእጄ ዳስሼዋለሁ መሰለህ? ደግሞም ተናግረሃል። እሱ በንጹሕ ሰው አንገት ላይ ቢላ ጭኖ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።"

ጂናዳሳ ያንን ሰምቶ ፕሪያላል ቤት ሄደ። ፕሪያላል ግቢው ውስጥ ሞተር ፈትቶ ነበር፤ ሰምቶ ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ አንዱን ብሎን በጨርቅ አሸው።

"ምን ፊት አለኝ፣ አይያ? ይቅርታ ልለው ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አንገቱን ሳይ እጄ ትዝ ይለኛል።"

"እኔም እኮ ፊት አልነበረኝም" አለ ጂናዳሳ። "እጅህን ታጠብና ተነሥ፤ አብረን እንሂድ።"

ፕሪያላል ብሎኑን አስቀመጠ። እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ ሸሚዝ ለወጠ፤ ከበሩ ላይ ደግሞ ተመልሶ ጫማውን አደረገ። ከዚያ ሁለቱ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ሲሪፓላ ቤት አቀኑ።