ፒክአፑ የተሸጠ ዕለት

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከአገር ወጥቼ በምኖርበት ከተማ፣ አርችዌይ ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ ደጃፍ፣ ፒክአፕ መኪናዬን ጀርባዋ ላይ ከተገጠመው መኝታ ክፍል ጋር ሸጥኩ። ገዥው ጀማል ይባላል፤ እዚሁ ከተማ፣ ዋይት ሲቲ ሰፈር የሚኖር የታክሲ ሾፌር ነው። ከኋላ ገብቶ ተጣጣፊውን ጣሪያ ወደ ላይ ሲገፋው የሸራው ግድግዳ ተወጠረ።

«ለዚህችም እንደ ቤት ካውንስል ታክስ ይከፈላል እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

እኔን ግን የሸራው ሽታ ናዝሬት ወስዶኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ በፒክአፕ ዕቃ ያመላልስ ስለነበር አብዛኛውን ሌሊት የሚያድረው መንገድ ላይ፣ መኪናው ላይ በወጠረው ሸራ ሥር ነው። መኪናውን የሸጠ ዕለት፣ ከእንግዲህ ቤት ያድራል ብዬ ደስ አለኝ። ገዥው ቁልፉን ተቀብሎ አባቴን ጉንጩን ሳመውና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» አለው። መኪናውን ይዞ የሚሄደው እሱ ሆኖ ሳለ አባቴን መመረቁ ገረመኝ።

አባቴ ቤት ያደረው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አልነበረም።

ጀማል ጣሪያውን አውርዶ ቆለፈ። ወደ እኔ ዞሮ «ምነው ወንድሜ?» ሲለኝ ይህንኑ ነገርኩት።

«ከዚያስ? ጋዜጠኛ ነኝ ብለኸኝ የለም እንዴ፣ አላጣራህም?»

«ድንበሩ ጋ፣ መተማ ላይ፣ ሊሻገር ሲል ያየው ሰው አግኝቻለሁ» አልኩት። «ብቻውን ነበር።»