የቢጫው ሹራብ ልጅ እናት

እትዬ ክርን እጃቸው ባዶ ሆኖ ያየኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ቆመው ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ሁለቱ የሹራብ መርፌዎች ከጣታቸው አይለዩም ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በሹራብ ፋብሪካ ሠርተው፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ይዘውት የወጡት አንድ ከረጢት ትርፍራፊ ክር ነው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅም አልወለዱም። «እግዜር ልጅ ቢነሳኝ ክር አልነሳኝም» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያናችን ጀርባ አንዲት ጠባብ መንገድ ነበረች። በግራና በቀኟ በራቸው ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለባቸው ትንንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። በዚያ የሚሠሩት ሴቶች ሲመሽ ደጃፍ ላይ ቆመው ወንድ የሚጠብቁ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት እነሱ ተኝተው ልጆቻቸው መንገዱ ላይ ይርመሰመሳሉ። ከእኛ መካከል ወደዚያ ለመሄድ የሞከርን ነበርን፤ የምሥራች የታተመበት ወረቀት ይዘን፣ ሁለት ሁለት ሆነን። አንዲት ሴት ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና ለጓደኛዬ መለሰችላት። «ለባልሽ ስጪው፤ ትናንት ሲመጣ ረስቶት ነው የሄደው» አለቻት። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፈችም።

እትዬ ክር ወረቀት አልያዙም። ሲባጎ ይዘው ሄዱ። ደጃፍ ላይ የተቀመጠችን አንዲት ሕፃን ክንዷን፣ ደረቷን፣ ቁመቷን ለኩ፤ በየልኩም አንዳንድ ቋጠሮ ቋጠሩ። በሳምንቱ ሹራቡን ይዘው ተመለሱ። እናትየዋ በጥርጣሬ እያየቻቸው ምን እንደሚፈልጉ ብትጠይቃቸው፣ የእጅጌውን ርዝመት ፈልገው እንደነበርና እሱን ደግሞ እንደወሰዱ ነገሯት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ልጆቹ በዙ። ቤተ ክርስቲያኑም የተሰባበሩ ወንበሮች የሚከማቹበትን የጓሮ ክፍል ለቀቀላቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከፍተው፣ እናቶቹ እንቅልፋቸውን እስኪጠግቡ ልጆቹን ያጥባሉ፣ ፊደል ያስቆጥራሉ፣ መዝሙር ያስጠናሉ። ከሰዓት በኋላ እናቶቹ ሲመጡ ደግሞ ሹራብ አሠራር ያስተምሯቸዋል። ግድግዳው ላይ ሚስማር፣ በየሚስማሩ የአንድ ልጅ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ስም የሚባል ነገር አልተጻፈበትም። እናት የልጇን ሲባጎ በቋጠሮው ታውቀዋለች፤ ልጁ ሲያድግ አዲሱን ቋጠሮ የምትቋጥረው ራሷ ናት።

ከየት መጣሽ፣ እንዴት ገባሽበት፣ አባቱ ማነው የሚባል ጥያቄ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። «መጠየቅ በር እንደ መግፋት ነው፤ የእነሱ በር ደግሞ ተገፍቶ ተገፍቶ አልቋል» ብለውኛል አንድ ቀን።

ከእናቶቹ አንዷን ረጅሟ ይሏታል። በሩ ስለማይበቃት አንገቷን ሰበር አድርጋ ትገባና፣ ቤቱን የሠራው ሰው አጭር ሴት አግብቶ መሆን አለበት ትላለች። ሚጢጢ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱን እዚያች መንገድ ላይ አላሳደረቻትም፤ ሁለት ሰፈር አልፋ ከአንዲት አሮጊት ዘንድ ክፍል ይዛላት ነበር። ለሚጢጢ የተሠራላት ሹራብ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ነው። ያ ቀለም ከከረጢቱ የመጨረሻው ክር ስለነበረ ሌላ ልጅ አላገኘውም።

ረጅሟ አንድ ከሰዓት እጅጌ መቀነስ እየተማረች ሳለ፣ ሳትጠየቅ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ ነገረቻቸው። ሚጢጢ እናቷ የሌሊት ፈረቃ ዳቦ ቤት የምትሠራ ይመስላታል። በየማለዳው ወደ ልጇ ስትሄድ ከዳቦ ቤቱ የመጀመሪያውን ትኩስ ዳቦ ትገዛለች፤ ከባንኮኒው ላይም ዱቄት በጣቷ ነካ አድርጋ እጅጌዋን ታሻለች። በመጪው ወር መጀመሪያ ሆስፒታል ልብስ አጠባ ልትገባ ነበር፤ ቦታውን ያገኙላት እትዬ ክር ናቸው።

«ሥራውን ልያዝና አንድ ቀን አስቀምጬ እነግራታለሁ» አለቻቸው። «ግን እኔ ልንገራት፣ እትዬ። ከእኔ አፍ ትስማው።»

እትዬ ክር እሺ አሉ።

አሁን ስለ ራሳችን ልናገር። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት ለጸሎት የምንገናኝ ሰባት ሴቶች ነበርን፤ እትዬ ክርም አንዷ ነበሩ። ሰብሳቢያችን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስለነበረች ዳይሬክተሯ እንላታለን፤ ሁሉን ነገር በመዝገብ የምትይዝ፣ ልበ ቅን ሴት ነበረች። የጸሎት ርእስ የሚጻፍበት ሰማያዊ ደብተር አለን። ዳይሬክተሯ እትዬ ክርን ስለ ሴቶቹ ርእስ ይስጡን እያለች ሦስት ረቡዕ ወተወተቻቸው። በጅምላ መጸለይ ዓይንን ጨፍኖ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው አለች። ከዚህ ክፍል እንደማይወጣም ሁላችንም ቃል ገባን። እኔም ገብቻለሁ።

እትዬ ክር ሰው አማኝ ነበሩ። ለሴቶቹ የሚጸልይ ሰው መገኘቱ ደግሞ የልባቸው ምኞት ነው። ስም ላለመጥራት አስበው፣ አስበው፣ ዘዴ ያገኙ መሰላቸው። የቀዩ ሹራብ ልጅ እናት ታማለች፤ የአረንጓዴው ሹራብ ልጅ እናት የምትሸሸው ሰው አለ፤ እያሉ አጻፉ። ዳይሬክተሯ በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ የመጨረሻውን ስትጽፍ አጠገቧ ነበርኩ። «የቢጫው ሹራብ ልጅ እናት። ልጇ ዳቦ ቤት የምትሠራ ይመስላታል። አዲሱን ሥራ እስክትጀምር ጌታ ይሸፍናት።»

ጸለይን። ከልባችን ነበር፤ እንባዬ ደብተሩ ላይ እስኪንጠባጠብ አልቅሻለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ብልህ መሆን አያስፈልግም። የዚያ ክፍል ልጆች እሑድ ከእኛ ልጆች ጋር እንዲዘምሩ ተወስኖ፣ በረድፍ ወጥተው ቆሙ። ማለዳው ቀዝቃዛ ስለነበር ሁሉም ሹራባቸውን ለብሰዋል። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው። በእኛ ወንበር ክርን ለክርን መጎሻሸም ሆነ። «ያቻት» አለች አንዷ በሹክሹክታ፤ «አንጀት ትበላለች።» ቢጫዋ ሚጢጢ ከእኔ ልጅ አጠገብ ቆማ በሙሉ አፏ ትዘምር ነበር። እትዬ ክር ከወደ ኋላ ሆነው ሹራብ እየሠሩ ነበር፤ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ እጃቸው ለአፍታ ሲቆም አየሁ።

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ማታ ከመተኛቷ በፊት አብረን መጸለይ ልማዳችን ነበር። ያን ሳምንት አብራት ለዘመረችው ልጅ እናት ጮክ ብዬ ጸለይኩ፤ ከዚያ ቤት እንድትወጣ፣ ዳቦ ቤት እሠራለሁ እያለች ልጇን መዋሸት እንድትተው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እኔ ማውራቴ አልመሰለኝም፤ መጸለዬ ነበር።

ቅዳሜ በመዝሙር ጥናት ላይ ሚጢጢ በደስታ ትፎክራለች። እናቷ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት ለዘማሪዎቹ ሁሉ ዳቦ ልታመጣ ነው። ልጄ ጠጋ ብላ አቀፈቻት። «እናትሽ ዳቦ ቤት አትሠራም» አለቻት። «ግን አይዞሽ፣ እኛ ቤት እየጸለይንላት ነው።» የመንገዷ ልጆች ሁሉን ቢያውቁም የእርስ በርሳቸውን ነገር አውጥተው አያውቁም። እንደዚያ ያለ ነገር የሚናገረው በደኅና ቤት ያደገ ልጅ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ረጅሟ ትኩስ ዳቦዋን ይዛ ስትገባ ሚጢጢ አልተቀበለቻትም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ «እማ፣ ዳቦ እንዴት ነው የሚጋገረው?»

ረጅሟ በዕድሜዋ ዳቦ ቤት ከባንኮኒው ወዲያ ገብታ አታውቅም። ዱቄቱን፣ ውሃውን አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አላወቀችውም።

ሰኞ ጠዋት የጓሮው ክፍል ደጅ ላይ ቆመች። አንገቷን ሰበር አድርጋ አልገባችም፤ ደጅ እንደቆመች ነው። በእጇ ቢጫ የክር ልቃቂት ይዛለች። ሹራቡን ከአንገቱ እስከ ጫፉ ተርትራ ጠቅልላዋለች። እኔ ወንበር ልወስድ መጥቼ ጥጉ ላይ ከቀሩት አሮጌ ወንበሮች መካከል ነበርኩ፤ አላየችኝም።

«ሳትጠይቂኝ ነው የነገርኩሽ» አለቻቸው። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የምትላቸው።

እትዬ ክር ለጸሎት ብቻ እንደሆነ፣ የማንንም ስም እንዳልጠሩ ነገሯት።

«ስም ምን ያደርጋል?» አለች። «አልብሰሽ ላክሻት እኮ።»

ልቃቂቱን ደጃፉ ላይ አስቀመጠች። ከሚስማሩ ላይ የሚጢጢን ሲባጎ ሊያነሱላት ቢሉ፣ የልጄን ልክ እዚሁ አቆዪው፣ ከእንግዲህ የምታድገውን አታውቂውም አለቻቸው። ሄደች። ሆስፒታሉ አንድ ወር ቦታውን ጠበቃት፤ ከዚያ ለሌላ ሰጠው። አሮጊቷም የት እንደገቡ አያውቁም። በሳምንቱ ውስጥ ሌሎቹ እናቶች አንድ በአንድ እየመጡ የየልጃቸውን ሲባጎ ከሚስማሩ እየነቀሉ ወሰዱ። ማንም አልተሳደበም። ቢሳደቡ ይሻል ነበር።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው እትዬ ክር እጃቸው ባዶ ሆኖ የመጡት። ከዚህ ክፍል አይወጣም ተባብለን ነበር አሉ፤ ከማን ቤት ወጣ ብለው ጠየቁ። ሁሉም ማሉ። አንዷ ግድግዳም ጆሮ አለው አለች። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዳይሬክተሯ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ በክፋት እንዳልሆነና ስለ ተፈጠረው ነገር አብረን ብንጸልይ እንደሚሻል ተናገረች፤ ደብተሩንም ገለጠች።

እትዬ ክር ደብተሩን በመዳፋቸው ዘጉት። «ዛሬስ ዝም እንበል» አሉ። ወጥተው ሄዱ፤ ረቡዕ ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ክፍሉን ግን አልዘጉም። ዓመት ካለፈ በኋላ አንድ ሁለት ልጆች ተመለሱ፤ ቆይቶም ሌሎች ተጨመሩ። ሹራቡ ሁሉ ግራጫ ሆነ፤ አንዱን ልጅ ከሌላው የሚለይ አንዲት መስመር እንኳ የለውም። ሰው ደስ የሚል ቀለም ቢጤ ቢያደርጉበት ሲላቸው፣ ግራጫ እድፍ ይችላል ይሉ ነበር።

ስምንት ዓመት እንዲህ እያለፍኳቸው፣ ሰላም እያልኳቸው ኖርኩ። በኋላ ጉልበታቸውን አሟቸው እቤት ሲውሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ግድግዳቸው ላይ አንድ ሚስማር፣ በሚስማሩ ላይ የሚጢጢ ሲባጎ፣ ከሥሩ ቢጫው ልቃቂት ነበር። ያን ሳይ መቀመጥ አቃተኝ። የወጣው ከእኔ ቤት ነው አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። መርፌያቸው አልቆመም።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ጠየቅኳቸው። ረጅሟ ልቃቂቱን አስቀምጣ ከሄደች ማግስት ጀምሮ አሉኝ። ረቡዕ እኛ መካከል ቆመው ሲጠይቁም ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ የጠበቁት እኔ እንድናገር ነበር። ማን እንደነገራቸው ጠየቅኩ።

«እሱን አልነግርሽም» አሉ። «ሰው አምኖ የነገረኝ ነው።»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ ነው የገባኝ። ልጄ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መዝሙር ጥናቷን ትታ እትዬ ክር ዘንድ ክር ልትጠቀልል ትሄድ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቅዳሜ ሳይቀራት። እኔ ክር የምትወድ ነበር የመሰለኝ።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ታጠናለች። ቀና ብላ እትዬ ክር እንዴት እንዳሉ ጠየቀችኝ። ጉልበታቸው ትንሽ ተሽሏቸዋል አልኳት። ዓይኗ ፊቴ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አልጠየቅኳትም።