አምስት ቃል ለአንዲት አራስ

ከእናቴ የወረስኩት ነገር ቢኖር ጥርጣሬ ነው። አባቴ መምህር ሆኖ ከሰሜን ሲመጣ አብራው መጥታ ሆሳዕና ላይ ኖረች፤ ግን ቅቤ የምታመጣላትን ጎረቤታችንን እንኳ ዕድሜዋን ሙሉ በየሳምንቱ እንደ አዲስ ትጠረጥራት ነበር። እኔም ነርስ ሆኜ በደርግ ጊዜ ሺንሺቾ ስመደብ ይህንኑ አመል ይዤ ሄድኩ። ዘመኑም ለእንደኔ ዓይነቱ የተመቸ ነበር። ገበሬ ማኅበሩ ጤና ጣቢያውን በጎን ያያል፣ ጤና ጣቢያው ገበሬ ማኅበሩን፣ ሕዝቡ ደግሞ ሁለቱንም።

በአንድ ክረምት ከአዲስ አበባ አንዲት ሲስተር ለጥናት መጣች። የምታጠናው አራሶችን ነበር፤ ከወሊድ በኋላ የሴት አእምሮና መንፈስ እንዴት እንደሚሰነብት ማወቅ ትፈልጋለች። ስለ እንቅልፍ ትጠይቃለች፣ ስለ ለቅሶ ትጠይቃለች። ከዚያ አምስት ቃል ትነግራቸዋለች፦ ውሃ፣ እሳት፣ ላም፣ ጨው፣ መንገድ። ጥቂት ሌላ ወሬ ካወሩ በኋላ አራሷ ቃላቱን በቋንቋዋ መልሳ ትናገራለች። ሴቶቹን የምታከብር ደግ ሴት ነበረች። እኔ ግን ማን እንደላካት ለማወቅ ሻንጣዋን ሳይቀር በዓይኔ ስፈትሽ ሰነበትኩ።

የሚያስተረጉምልን ቁስል የሚያጥበው ድሬሰሩ ነበር። የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከምባትኛውን የለመደው ገበያ ላይ ከወንዶች ጋር ሲከራከር ነው። እሱንም አላምነውም ነበር፤ ሲያስተረጉም ረጅሙን ነገር ያሳጥራል።

ከአራሶቹ አንዷ ብዙ ደም ፈሷት በቃሬዛ የመጣች ልጅ እግር ሴት ነበረች። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ደብዛው ጠፍቷል። ትኩሳቱ ከለቀቃትም በኋላ ከሰው ጋር አትነጋገርም፤ ሳይጠይቋት ድምፅዋ የሚሰማው ሕፃኑን ስታጠባ ቀስ ብላ በስሙ ስትጠራው ብቻ ነው። አማቷ አብረዋት ነበሩ። ሕፃኑ ጠብቶ ሲያበቃ ከእጇ ይወስዱትና በነጠላቸው ሸፍነው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። የሚገባውንም የሚወጣውንም ያያሉ። ነገሩ አልጣመኝም።

ሲስተር አምስቱን ቃላት ስትጠይቃት አራሷ ውሃን፣ እሳትንና መንገድን በትክክል ተናገረች። በላምና በጨው ፋንታ ግን ሌላ ነገር አለች። ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ሲስተር፣ ይሄ እንኳን ከምባትኛ የማንም ቋንቋ አይደለም። ትቀባዥራለች።»

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ሲስተር አዘነች። የፈሰሰው ደም፣ ትኩሳቱ፣ የባሏ መጥፋት ተደማምሮ አእምሮዋን ነክቶታል ብላ ፈራች፤ መድኃኒት የሚያመጣው ላንድሮቨር ሲመለስ አዲስ አበባ ወደ አእምሮ ሆስፒታል ይዛት ልትሄድ ወሰነች። እዚያ ሕፃን አይቀበሉም።

«ልጁ ከአያቱ ጋር ይቆይ» አለች።

አማቲቱ ይህ ሲተረጎምላቸው ሕፃኑን ጠበቅ አድርገው ያዙት። እኔም እዚያው ፈረድኩባቸው። ልጃቸውን አጥተዋል፣ የልጅ ልጃቸውን ለብቻቸው ሊያስቀሩ ነው አልኩ በሆዴ።

ድሬሰሩን ስለማላምነው አራሷን ራሴ ላዳምጣት ብዬ አንድ ጊዜ እንዲደገምላት ለመንኩ። በላምና በጨው ፋንታ ያለቻቸው ቃላት የትናንትናዎቹ ነበሩ፤ አንድም አልተለወጠም። የሚቀባዥር ሰው ደግሞ በየቀኑ አንድ ዓይነት አይቀባዥርም። እንዲህ ስል ያቺ ቅቤ የምታመጣልን የሆሳዕና ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ። ሀዲይኛ የለመድኩት ከልጆቿ ጋር ስጫወት ነው። ልጆቿ አንዱን ነገር በአንድ ስም ሲጠሩት እሷ በሌላ ትጠራው ነበር። እናቴ በምስጢር ቋንቋ የምታማን ይመስላት ነበር። ልጇን ብጠይቃት ግን «የአያቴን ስም ስለሚነካ ነው» አለችኝ። ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ አጀማመሩ ስማቸውን የሚመስል ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም፣ በሌላ ትተካዋለች። ከምባታዎቹም ዘንድ እንዲሁ ነው።

ሲስተር ስነግራት ደስ አላት፤ ግን ማረጋገጥ ፈለገች። ልክ ነች፤ የአራሷ ጤና ጉዳይ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የአራሷና የአባቷ ስም ብቻ ስለሆነ ወደ አማቲቱ ሄድኩ።

«እማማ፣ የእርስዎና የባለቤትዎ ስም ማን ነው?»

«ስም ለምን?» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«ለምራትዎ ብዬ ነው።»

«በልጄ ጊዜም ለእርዳታ እህል ነው አሉ። ስም ሰጠሁ። ልጁ ሄደ።»

ከእኔ የባሰ ተጠራጣሪ አግኝቼ አላውቅም ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ምክንያት ነበራቸው። ድሬሰሩን ጠርቼ ነገሩን ከሥሩ እንዲያስረዳቸው አደረግሁ። እያስረዳቸው ሳለ ላንድሮቨሩ ግቢ ገባ።

አሮጊቷ ተነስተው አልጋው ዘንድ ሄዱና ምራታቸውን በከምባትኛ ተናገሯት። «ቃሉን ጥሪው፣ ፈቅጄልሻለሁ እያሏት ነው» አለ ድሬሰሩ። አራሷ ሕፃኑን አየች፣ አማቷን አየች። አፏን ከፈተች። ከዚያ እንባዋ ወረደና ያንኑ የራሷን ቃል ተናገረች። ከልጇ ልትለይ እያወቀች እንኳ አልቻለችም።

አሮጊቷ ወደ ሲስተር ዞረው መጀመሪያ የባላቸውን ስም፣ ቀጥለው የራሳቸውን ተናገሩ። ሲናገሩ የሚያዩት እኛን ሳይሆን በሩን ነበር። ድሬሰሩ ስሞቹን በከንፈሩ ደጋገማቸው።

«በከምባትኛ ላም እንደ ባላቸው ስም ነው የሚጀምረው» አለ። «ጨው ደግሞ እንደ እሳቸው። ሲስተር፣ እኔ ነኝ የቀባዠርኩት።»

ሲስተር ወጥታ ሾፌሩን ብቻውን ሸኘችው። አሮጊቷ ሕፃኑን ከነጠላቸው አውጥተው ምራታቸው ጭን ላይ አስቀመጡትና እግሯ ሥር ተቀመጡ። ሲስተር ስትመለስ ዓይኗ ረጥቧል። ወንበር ስባ ብዕሯን አነሳች።

«የሕፃኑን ስም ልጻፍና ልጨርስ። ወንድ ነው አይደል? ማን ነው ስሙ?»

አሮጊቷ ጥያቄው ሲተረጎም እንኳ አልጠበቁም።

«ስም የለም» አሉ በአማርኛ።

አራሷ አንገቷን ደፋች። ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። ስታጠባው የምትጠራበትን ስም ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

«አልወጣለትም ሲስተር» አልኳት።